‹ፍቺ› ራሱ ስንት ፍቺ አለው?

ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ ገና ሰሌዳ ሳልጠርግ፣ አንዱ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ወደ ፊት መጣ። ቀን ቀን ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው፤ ማታ እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ ይማራል። «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲል ስለሚውል ድምፁ ሁሌ እንደሻከረ ነው። ስልኩን አቀበለኝና «ቲቸር፣ 645ቱንም ነው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«‹ረን›ን። 645 ትርጉም አለው ይላል። ሁሉንም ነው የምንይዘው?»

ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ከእሱ በፊት ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ አክስቴ ናት። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን «አንተ ልጅ፣ ይሄን ነው የሰው ልጅ የምታስተምረው?» የሚል ድምፅ ጨምራበታለች። ጽሑፉ በየቴሌግራሙ ሲዞር ከረመ፤ እኔም ዝም ብዬ ነበር። የልጁን ፊት ሳይ ግን ዝም ማለት ከበደኝ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ ውሎ፣ እራት ሳይቀምስ ክፍል የሚገባ ሰው በአንድ ግስ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ላላያችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ረን» (run፣ መነሻ ትርጉሙ ሮጠ) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ 645 ትርጉም ስላለው እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት። ትርጉሞቹ ደግሞ አይገናኙም። አፍንጫም፣ ፋብሪካም፣ የምርጫ ዕጩም በዚሁ ቃል ይነገራሉ። ይህ የሚያሳየው ቋንቋው ሕግ እንደሌለው ነው። አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አርፏል፤ «ሮጠ» ማለት ሮጠ ነው። «ረን» ራሱም ቢሆን ከግዕዙ «ሮጸ» የተወሰደ ነው። መፍትሔው በቀን 10 ትርጉም በቃል እየያዙ በ65 ቀን መጨረስ ነው። ከሥር የመጀመሪያዎቹ 100 ትርጉሞች ተዘርዝረዋል።

ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። ማንም ይሁኑ ማን፣ አማርኛቸው ለዛ አለው። ለቋንቋቸው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። የምጣላው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። ቁጥሩ ትክክል ነው። 645 ያሉት የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ናቸው። ነገሩ በሰፊው የተወራው በ2011 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፒተር ጊሊቨር የተባሉት አዘጋጅ ይህችን አንድ ግስ አደራጅተው ለመጨረስ ዘጠኝ ወር ፈጅቶባቸዋል። አንድ ልጅ ተጸንሶ የሚወለድበት ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ትርጉም በመያዝ ስሙ የሚነሳው «ሴት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። (የኛዋን ሴት አይደለም፤ እሷን ቆጥሮ የሚጨርስ መዝገብ ገና አልተጻፈም።) በ1989 በወጣው ባለ 20 ጥራዝ ሁለተኛ እትም ላይ የዚህ ግስ ፍቺ 430 ደርሶ ነበር።

ጥያቄው ግን ያ መዝገብ ምን ዓይነት መዝገብ ነው የሚለው ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1857 ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ፣ የመጨረሻው በ1928። ሥራው የእያንዳንዱን ቃል ሙሉ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው። አንዴ የገባ ፍቺ፣ ሰው መናገሩን ቢተወውም አይወጣም። ለምሳሌ ወተት ሲረጋ «ረን» አደረገ ይባል ነበር። ዛሬ ለንደን ካፌ ገብታችሁ እንዲህ ብትሉ አስተናጋጇ ወተቱ ፈሰሰ እንዴ ብላ መጥረጊያ ይዛ የምትመጣ ይመስለኛል። አዘጋጆቹ ደግሞ በጣም አጥብቀው ይለያያሉ። ወንዝ ሲፈስ አንድ፣ እንባ ሲፈስ ሌላ፣ ቀለም ሲለቅ ሌላ እያሉ ይከፋፍላሉ። ለተማሪ ተብለው የሚዘጋጁት መዝገበ ቃላት ይህንኑ ግስ በጥቂት አሥሮች ጨርሰው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ስለዚህ 645 የታሪክ አጥኚ ቁጥር ነው፤ የተማሪ ዕዳ አይደለም። እንግሊዛዊውም ሁሉንም አያውቀውም። አዲስ አበባን አውቃለሁ ለማለት የየቤቱን ቁጥር መያዝ ግድ አይደለም። የራሱን ቤት ቁጥር የማያውቅ ስንት ሰው አለ፤ ግን ከፒያሳ ሳሪስ ሳይጠፋ ይደርሳል።

ሁለተኛው ክስ ሕግ አልባነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ሰው በእግሩ ይሮጣል። ይሄ መነሻው ነው። በዚህ ውስጥ ምን አለ? ሳይቆራረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ እንቅስቃሴ አለ። ውሃም ሳይቆራረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወንዝ ተጨመረ። ቧንቧ ተጨመረ። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫም ያው ውሃ ነው። መንገድና የስልክ ሽቦ ራሳቸው አይንቀሳቀሱም፤ ዓይናችን ግን ተከትሏቸው ይሄዳል፤ እነሱም ገቡ። ከዚያ ባቡር መጣ፣ የፋብሪካ ማሽን መጣ። ሳይቆራረጥ የሚሠራ ሁሉ በዚሁ ግስ ተነገረለት። «ረን» በዚህ መጠን የደለበውም በማሽን ዘመን ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም የተሳፈረው በዚሁ ባቡር ነው። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሚያሠራው ሰው አለ። ማሽን የሚያሠራ፣ ሱቅ የሚያሠራ፣ ሆቴል የሚያሠራ፣ ሁሉም ተከታትለው ገቡ።

ይሄ እንግዲህ የዝምድና ቆጠራ ነው። አፍንጫና ፋብሪካ ጎን ለጎን ሲቆሙ ባዕድ ይመስላሉ። እንደ ሀገራችን ሽማግሌ ሰባት ቤት ከተቆጠረ ግን ዘመድ ሆነው ይገኛሉ፤ መጋባትም አይችሉም።

የምርጫ ዕጩውስ? እሱ በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው። አሜሪካኖቹ ምርጫን እንደ እሽቅድምድም ስላዩት ዕጩው «ይሮጣል» አሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ ለዚያው ነገር «ይቆማል» ይላሉ። ለፓርላማ መወዳደር ለንደን መቆም ነው፣ ዋሽንግተን መሮጥ ነው። ቋንቋው አንድ፣ ነገሩ አንድ፣ የታየበት መስኮት ግን ሁለት። ሕግ የለም ማለት ይሄ ከሆነ፣ ሕግ ያለው ቋንቋ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። «ረን» ከትናንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር በእርግጥ ያስቸግራል። «ረን ኢንቱ» ሰው በአጋጣሚ ማግኘት ነው። «ረን ኦቨር» በመኪና መግጨት ነው። «ረን አውት ኦፍ» ማለቅ ነው። ዝምድናው ቢቆጠርም ቶሎ አይታይም፤ መልመድ ብቻ ነው። አንዷ ተማሪዬ ቦሌ ላይ የድሮ አስተማሪዋን በድንገት ማግኘቷን ልትነግረን ፈልጋ «ረን ኦቨር» አለች። ሴትዮዋን በመኪና ሄደችባቸው ማለት ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳተችም።

ግን በዚህስ ቢሆን እኛ ማንን እንወቅሳለን? ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ብቅ አለ፣ ዘጭ አለ እንላለን። «አለ» ማለት ተናገረ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁት ፈረንጅ «ዝም አለ» የሚለውን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሰውየው ምንም ሳይናገር ምንድን ነው ያለው? (መኖርን የሚገልጸውን «አለ» አልቆጠርኩም። እሱ ሲነገር ‹ለ›ው ይጠብቃል፤ ሌላ ቃል ነው። ስንከራከር በሐቅ እንከራከር ብዬ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አማርኛ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ነው የሰጠው ወደሚለው። እስቲ ይህችን አንብቡልኝ።

«ጠዋት ዝናብ ያዘኝ። እንደምንም ታክሲ ያዝኩ። ኋላ ወንበር ላይ ቦታ የያዘልኝ ጎረቤቴ ጉንፋን ይዞታል። ማታ ቀጠሮ እንደያዝን አስታወሰኝ። ‹ሥራ ሊይዘኝ ይችላል፣ ስልኬም ኔትወርክ አይዝም፣ ካልመጣሁ እንዳትቆጣ› አልኩት። ደግነቱ ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አንድ ሾፌር ይዟል፤ ሾፌሩ ‹ፍሬን አልያዘልኝም› እያለ ይማልዳል። ከዚያ እንቅልፍ ያዘኝና ስነቃ መገናኛ ደርሰናል።»

ግራ የገባው አለ? የለም። አሁን ተመለሱና «ያዘ»ን ቁጠሩ። 11 ጊዜ ነው። ከ11ዱ ውስጥ በእጅ የተጨበጠ ነገር አንድም የለም። ዝናብ እጅ የለውም፤ ጉንፋንም፣ እንቅልፍም፣ ፍሬንም። ይሄ ደግሞ የአንድ ሰው የአንድ ጠዋት መንገድ ብቻ ነው። ችግኙ ያዘ የሚለው ቀርቷል። ማስቲሹ ያዘ ቀርቷል። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል ቀርቷል። ቅዳሜ ማታ ኳስ ቤት ገብታችሁ «ማንን ነው የያዝከው?» ስትባሉ አርሰናል ወይ ማንቼ ነው መልሱ፤ እጃችሁን አትመለከቱም። ጸሐፊው ራሳቸው «በቃላችሁ ያዙ» ብለው ሲመክሩን ቃሉን የት ላይ እንደምንጨብጠው አልነገሩንም። መንገርም አላስፈለጋቸውም።

«ያዘ» ብቻም አይደለም። «በላ»ን ተዉት፤ መኪና ነዳጅ ይበላል፣ ማሽን ካርድ ይበላል፣ ሰው ብድር ይበላል፣ ጀርባ ይበላል። ደግሞም የሚያሳዝን ሕፃን አንጀት ይበላል። ይህን የመጨረሻውን ለባዕድ ለማስረዳት የሞከረ ሰው የሚያየውን ድንጋጤ አውቃለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጸሐፊው የመረጡት ቃል ነው። «ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ» ይላሉ። ፍቺ ከየት መጣ? ከ«ፈታ» ነው። ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ጾም ይፈታል፣ ሠራዊት ትጥቅ ይፈታል። ባልም ሚስቱን ይፈታል። ስለዚህ «ፍቺ» የቃል ትርጉም ነው፤ «ፍቺ» የትዳር መፍረስም ነው። አንዳንዶች ለመለየት አንዱን «ፍች» ሌላውን «ፍቺ» ብለው ይጽፋሉ። ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም፤ በንግግርም ጆሮ ብዙ አይለየውም። ፍርድ ቤት በር ላይ «ለፍቺ ነው የመጣሁት» ያለችን ሴት ግን መዝገበ ቃላት የሚያቀርብላት የለም። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ አለው ተብሎ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር የቆመው ሁለት ትርጉም ባለው ቃል ላይ ነው።

ሰምና ወርቃችንስ? የምንኮራበት ቅኔ የቆመው አንዱ ቃል ሁለት መንገድ ስለሚሄድ ነው። ቃል ሁሉ አንድ ፍቺ ብቻ ቢኖረው ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ አይኖርም። ባለቅኔዎቹ ሥራ ፈት ይሆኑ ነበር።

ታዲያ እኛ ዘንድ «ያዘ 300 ትርጉም አለው» የሚል ዜና ለምን አልተሰማም? ቆጥሮ የጨረሰ ስለሌለ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ቶማስ ኬን ያዘጋጁት ትልቁ የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1990 ሲታተም ሁለት ጥራዝ ነበር። ትልቅ ድካም ነው፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ከ20 ጥራዝ ጋር አይወዳደርም። እነሱ ለአንድ ግስ ዘጠኝ ወር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አላቸው፤ እኛ የለንም። ያልተቆጠረ ከብት የለም አይባልም።

እንዲህ መሆኑ ደግሞ በእንግሊዝና በኛ ብቻ አይደለም። ዚፍ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በብዛት በተነገረ ቁጥር የፍቺው ብዛትም ይጨምራል። መሥሪያ ቤት እንደሚሆነው ነው። የሚሠራው ሰው ላይ ሥራ ይከመራል፤ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ማንም አይጠራውም። መያዝ፣ መብላት፣ መሄድ፣ መሮጥ በየትኛውም ቋንቋ ሠራተኞች ናቸው።

እዚህም ላይ አንዲት ነገር ላምን። የኛ «ሮጠ» ከእንግሊዝኛው ጠበብ ይላል። የኑሮ ሩጫ እንላለን፤ ሰዓቴ ይሮጣል እንላለን፤ ግን ፋብሪካ አይሮጥም። ጸሐፊው «ሮጠ»ን ለምሳሌ ሲመርጡ ጥሩ መርጠዋል። ለክርክራቸው የሚመቸውን ሰነፍ ልጅ አውጥተው ጎበዙን ከኋላ ደበቁት እንጂ።

«ረን» ከግዕዝ መጣ የሚለው ብዙ አያቆየንም። የግዕዙ «ሮጸ» ዘመድ አለው፤ ግን ዘመዱ በሌላ በኩል ነው። አንደኛው የኛው «ሮጠ» ነው፤ «ጸ» ወደ «ጠ» ሲሄድ በ«ጸጉር» እና «ጠጉር»ም አይተነዋል። ሁለተኛው ዕብራይስጥ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ራጽ» ሲባል ሮጠ ማለት እንደሆነ ወዲያው ይሰማቸዋል። የእንግሊዝኛው «ረን» ግን ቤተሰቡ ጀርመንና ደች ነው። ጀርመንኛ «ሬነን» ይላል፣ በእግር መሮጥ ነው፤ «ሪነን»ም ይላል፣ መፍሰስ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች እንግሊዝኛ ውስጥ ገብተው አንድ ቃል ሆነዋል። አፍንጫው ከጥንትም የቤቱ ልጅ ነበር ማለት ነው። ከኛ ጋር የሚያገናኛቸው «ረ» የምትለዋ ድምፅ ብቻ ናት። በአንዲት ፊደል ዘመድ ከተባለማ «ሬዲዮ»ም ዘመዳችን ነው።

የቀረው መፍትሔ የተባለው ነው፤ እኔን ያስቆጣኝም እሱ ነው። በቀን 10 ትርጉም። ዝርዝሩን የያዘ አንድ ሌላ ተማሪ ደብተሩ ላይ የጻፈውን አየሁ። «ማይ ፋዘር ረንስ ኤ ፋርም» ይላል። ከሥሩ በአማርኛ፦ «አባቴ እርሻ ይሮጣል።» ልጁ ዝርዝሩን ሸምድዷል። ከ100ው ውስጥ የትኛውን እዚህ እንደሚያመጣ ግን ዝርዝሩ አይነግረውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን አመጣ።

በተቃራኒው፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የድሮ ተማሪዬ አለች። እንደሄደች ሰሞን በድምፅ መልእክት ጥያቄ ላከችልኝ። ማዳሟ «ረን ዘ ዋሺንግ ማሽን፣ ደሊኬት» ብላታለች። የጠየቀችኝ «ቲቸር፣ ደሊኬት ምንድን ነው?» ብላ ነው። ስለ «ረን» አንድ ቃል አላነሳችም። ማሽኑ ፊቷ አለ፣ ልብሱ እጇ ላይ አለ፤ ማሽኑን ይዘሽ ሩጪ እንዳልተባለች ገብቷታል። 645ቱን መቼም አላየችም። «ደሊኬት» ስስ ልብስ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚታጠብ ነው ብዬ መለስኩላት። በኋላ የሐር ሻሹ እንደተረፈ ነገረችኝ።

ግስ ብቻውን አይኖርም። ከጎኑ ያለው ቃል ነው ማን እንደሆነ የሚነግረን። «ረን» ከሱቅ ጋር ሲሆን አንድ ነገር ነው፣ ከትኩሳት ጋር ሌላ፣ ከመዘግየት ጋር ሌላ። ከነጓደኛው የያዘው ሰው አይጠፋበትም። በሳምንት ሁለት ይበቃል፤ ግን ሁለቱንም ሰምቶ፣ ተናግሮ፣ ተሳስቶ።

ይህንን ሁሉ ለረዳቱ ተማሪዬ አላልኩትም። ክፍሉ እየጠበቀን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ሰው ሞልቶ በሩን ስትዘጋ ለሾፌሩ ምን ትለዋለህ?»

«ሳበው!»

«ምኑን?»

ቆም አለ። «እንዴ ቲቸር፣ ሂድ ማለት ነዋ።»

«ሾፌሩ ገመድ ፈልጎ ያውቃል?»

ሳቀ። «ሲጋራም ይሳባል» አለ ከኋላ አንዱ። «ቀልብም» አለች አንዷ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰሌዳው ላይ ሰባት «ሳበ» ጻፍን፤ ለ«ረን» የተመደበው ሰዓት አለቀ።

ሐሙስ ዕለት ልጁ ሃያ ደቂቃ አረፈደ። በሩን በቀስታ ከፍቶ፣ የሳንቲም ቦርሳውን እንዳነገተ፣ «ሶሪ ቲቸር፣ አይ አም ረኒንግ ሌት» አለ፤ እየዘገየሁ ነው ማለቱ ነው። ግሱ ልክ ነው። ያረምኩት ጊዜውን ነው፤ ደርሶ ቆሟል እኮ።